ከልጇ በስተቀር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚጡ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ደኅና ነው? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም አለች፤ እህል ትቀምሳለች፣ ትተኛለች፣ ካስቀመጥኳት ቦታ አትነሳም። ድምጿ ከስልክ ስለጠፋ ልብሽ ተሰቅሎ ሰንብቷል መቼም። እስቲ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

ስሠራበት የቆየሁትን፣ እማዬም የምትታከምበትን ክሊኒክ ፋይል በሙሉ ከአሮጌው የዊንዶውስ ማሽን ወደ አዲሱ የዩኒክስ ማሽን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ማን ያንብብ፣ ማን አያንብብ በሚለው ነገር አይግባቡም። አሮጌው ለእያንዳንዱ ፋይል የስም ዝርዝር ይይዛል፤ መዝገብ ቤቱ ሁሉ ያንብብ፣ እገሌ ግን እንዳይከፍት ብትዪው እሺ ይላል። አዲሱ፣ እኛ ባዋቀርነው መንገድ፣ የሚያውቀው የፋይሉን ባለቤት፣ ቡድኑን፣ የቀረውን ሰው ብቻ ነው። «እገሌ ሲቀር» ብትዪው አይገባውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ክልከላ ሲዛወር ይወድቃል፤ የወደቀውንም ማሽኑ እየመዘገበ ያወጣልኛል።

የወደቀው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ፋይሉ የእማዬ፣ የተከለከለው ሰው እኔ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ለካ ባለፈው ዓመት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ያቺ «መነጽሯ» የምንላት፣ አንድ ሰው ብቻ ፋይል እንዳያይ እንዴት ይደረጋል ብላ ስትጠይቀኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እየቀለድኩ ያስተማርኳት ራሴ ነኝ! ማንን ልትቆልፊበት ነው ብላት፣ አንድ የማይታመን ዘመድ አለ አለችኝ። አመስግናኝ ሄደች። ጉድ እኮ ነው!

ከፈትኩት። ለምን አልከፍትም? እኔም የመዝገብ ቤቱ ቡድን ውስጥ ነኝ። ሐኪሟ ጽፎታል፤ ክንዷ ላይ ያለው ሰንበር ከመውደቅ የመጣ አይደለም፣ ልጇ ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፍባታል፣ እሱ ፊት ደፍራ አትናገርም። ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ! አንዳንዴ እጄ ይከብዳል፣ አልክድሽም፤ ግን ይህ ሰው ፊት ይወራል? ቤት ገብቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። አልካደችም። አላለቀሰችም። ሚጡ ምንም አታውቅም፣ እሷን ብቻ ተዋት አለችኝ።

የዋሸችው እዚህ ላይ ነው። ከሐኪሙ ጽሑፍ ሥር ያንቺ ስልክ ቁጥር አለ፤ «ለሴት ልጇ ተነግሯታል፤ በጥር መጥታ ትወስዳታለች» ይላል። አንጀቴ አረረ፣ ሚጡ። በየሳምንቱ እየደወልሽ ወንድም ጋሼ እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ስትዪኝ፣ ለካ ከጀርባዬ ትኬት ቆርጠሻል።

ትኬቱን መልሺው። የስልኳን ሲም አውጥቼ ጥዬዋለሁ። ከክሊኒኩም ለቅቄያለሁ፤ ከመውጣቴ በፊት የፋይሏን ፈቃድ ለባለቤቱም፣ ለቡድኑም፣ ለቀረውም ሰው ዜሮ አድርጌዋለሁ። ወደ ሐኪሟ ብትደውዪ እንኳ እሱም አይከፈትለትም። መነጽሯን ተሰናብቻታለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ ነሽ ስላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። የድሮው ቤታችን ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ መጥተሽ ብታንኳኪ ውሃ አይነፍጉሽም፣ ስለ እኛ ግን የሚያውቁት ነገር የለም።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ትልቋን ጉንጯን፣ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። እማዬ ብዙ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። ደስ ብሎኛል ብላ በገዛ እጇ እንድትጽፍልሽ ብዕሩን ሰጥቻት ነበር፤ እጇ አልታዘዝ ስላላት እኔው ጻፍኩላት። ደስ ብሏታል።

ታላቅ ወንድምሽ
ከአዲሱ ቤታችን፣ ኅዳር 14 ቀን