ቃሬዛው እምቢ ያለበት ጥግ

ውድ ወይንሸት፣

እዚህ ሩቅ ምሥራቅ፣ ሱራባያ ከተማ ዝናቡ አባርቶ፣ የወንዝ ዳር ሰፈራችን እንደ መስታወት ያበራል። ሞተር ሳይክል ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅ እየተገፋ ነው የሚገባው፤ ኮቴ ብቻ ይሰማል።

በቀጭኑ መንገድ ከኢቡ ሱላስትሪ ጋር ሳዘግም ዋልኩ፤ «ኢቡ» እንደ እኛ «እማማ» ነው። የከተማው የመጀመሪያዋ ሴት የፕላን ባለሙያ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ያኔ በሥራ ላይ ሳሉ አለቆቻቸው «ከዚህ ጥበት ሬሳ እንኳ አይወጣም፤ ሰፈሩ ይፍረስ!» ሲሉ፣ እሳቸው ቃሬዛ በአራት ሰው አሸክመው ሰፈሩን ዞሩ። ቃሬዛው አንድ ጥግ ላይ ብቻ አልዞር ብሎ እምቢ አለ። የግድግዳውን ጠርዝ አስጠረቡ፤ ሰፈሩ ተረፈ።

አገር ቤት የእኛ ሰፈር መንገድ ሲሰፋ ለእድሩ ድንኳን መትከያ እንደጠፋ ትዝ ይልሻል?

አንድ ጎረቤት ሞተሩን እየገፋ «ኢቡ፣ ደግሞ ሊለኩን መጡ?» አላቸው።

«ከፕላን የወጣው ያንተ ቦርጭ ብቻ ነው!» አሉት።

ያን ጥግ ሲዳስሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባዶ ቃሬዛ ልክ አይሰጥም ብዬ እኔው ተኛሁበት። በጣራዎቹ መሃል ሰማዩ እንደ ወንዝ ሲፈስ አየሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ልጄ፤ አልፈራም።»

ፖስት ካርዱ ሞላ። እትዬ አሰለፈችን ሳሚልኝ። ድንኳኑ አሁን የት እንደሚተከል ጻፊልኝ።

ምንትዋብ