ስድስተኛው የፊልም ጥቅል

ለምወድህ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ከናፍቆትህና ከአንድ ሰውዬ በቀር ደህና ነን።

ሰውየው የድሮ የካውቦይ ፊልሞችን በዲቪዲ እያወጣ ይሸጣል። አባባ ሲኒማ ቤት ሲያጫውቱ ኖረው ካስቀሯቸው ፊልሞች መካከል የሚረቡትን ለመምረጥ እኛ ቤት ይመላለሳል። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ ነው። አባባ ጥቅሎቹን በየቁጥራቸው ሲያስቀምጡ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ግን ሦስተኛው ጥቅል አንደኛው ቆርቆሮ ውስጥ ይገኛል።

ማክሰኞ ዕለት የባቡር ዘራፊዎቹ ፊልም እንዴት እንደሚያልቅ ጠየቃቸው። “ሸሪፉ ይሞታል” አሉት። ሻዩን ሳይጨርስ “ፈረሰኛው ነው የሚሞተው” አሉት። ሲሸኙት ደግሞ ማንም አይሞትም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጥፋት ከሌለበት ምን አንገት ያስደፋዋል?

በማግስቱ የዚያው ፊልም ስድስተኛ ጥቅል ጠፋ። ወዲያው የበሩን ቁልፍ አስቀየርኩ። ትናንት ቤት ስጠርግ ጥቅሉን አባባ አልጋ ሥር፣ በራሳቸው ሸሚዝ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እንዴት ያለ ሌባ ነው! መኝታ ቤታቸው በየት ገባ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አዲሱንም ቁልፍ ስኳር ዕቃው ውስጥ የከተተው እሱ ነው።

ጋሼ፣ ለዓመቱ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና በዚህ ወር ና። ይህን ሰውዬ ብቻዬን አልችለውም።

አባባ “ሰላም በይልኝ” ብለውሃል፤ ይህን ገጽ እስክጨርስ አራት ጊዜ።

ዓይንህን ለማየት የቸኮለች እህትህ