ቡናማዋ ፓፍ ጾም ታስገድፋለች?

ነሐሴ 1

እኔ ኃጢአተኛው ኪዳነወልድ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በዚህ ደብተር ፊት እናዘዛለሁ። ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቅዳሴ በፊት፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ በልቻለሁ። ምስክር፦ ድመቷ።

አያቴ አባ ወልደተንሣኤ እኔን አላዩኝም። ያዩት እህቴን ማኅደረማርያምን ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ቡናማዋን ፓፍ ልትስብ አፏን ስትከፍት ደረሱባት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒቴ ነው አባባ። አየር እኮ ነው...»

«በአፍ ከገባ ያስገድፋል። ልትቆርቢ አይደል? ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል።»

ከቅዳሴ በኋላ ድንች ቀርቦ ፓፍ ማን ያስታውሳል?

ነሐሴ 4

ጉም። የማኅደር የሱፍ ብርድ ልብስ እርጥብ በግ በግ ይሸታል። ማኅደር ታስላለች። አባባ «ብርድ ነው» ይላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያ ቢወድቅም ምክንያቱ ብርድ ነው።

አራት ቀን ሙሉ ፓፍ የለም። ለምን ዝም አልኩ? ሽምብራው አፌን ይዞት ይሆን...

ነሐሴ 6

ቅዳሴ መሃል ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ከንፈሯ ጠቆረ። ባጃጅ። ሆስፒታል። ኦክስጅን። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ስቆጥር ዋልኩ። ደከመኝ።

ዶክተር ፍቅርተማርያም አስረዳችን። ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች ሰውነታችን ውስጥ አሉ። ጀርም ሲገባ ተከላካይ ሕዋሳትን ይጠራሉ። የማኅደር ግን ለአቧራም ለሱፍም ይጠራሉ። የተጠራው ሁሉ ሲሰበሰብ የአየር ቧንቧዋ ያብጣል፣ ይጠባል።

አባባ ፈዘዙ። አላስቻለኝም።

«አባባ፣ እንደ እድራችሁ ጡሩምባ ነፊ ይበሏቸው። ዶሮ ስትሞት ይነፋል፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል፣ በሩ ይታፈናል።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ልክ ነው። ሲያፍናት የምትስባት ሰማያዊዋ ፓፍ በሩን ለጊዜው ትከፍታለች። ጡሩምባውን የምትቀማው ቡናማዋ ናት። ግን በየቀኑ ስትሳብ ነው፣ አባቴ።»

«በየቀኑ...» አሉ አባባ። ድምፃቸው አነሰ። «እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

አርባ ዓመት የቀደሱ ሰው። እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የበላሁት እኔ፣ የታፈነችው እሷ።

ነሐሴ 8

ቤት ገባች። አባባ ብርድ ልብሱን ከአልጋዋ አንስተው እኔ ላይ ጣሉት። አሁን በግ በግ የምሸተው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 10

ረፋድ። ሁሉም ለቅዳሴ ይለብሳል። እኔ ጓዳ ውስጥ እጽፋለሁ፤ በግራ እጄ... አዎ፣ ሽምብራ። ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወዲህ ድካሙ አልለቀቀኝም።

የመቋሚያ ኳኳታ። አባባ በሩ ላይ ናቸው። እጄን አዩት። አለቀልኝ።

«ኪዳነወልድ! እህትህ ቡናማዋን ሳትስብ አንተ ትቆረጥማለህ?»