ጣራ ላይ ያረባናቸው ዶሮዎች

ውድ ሙሄ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው። ብደውል ድምፄ ይንቀጠቀጥና የማለቅስ ይመስልሃል፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ከሰናኢያ፣ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር ከሥራህ ስትመለስ ጫጩቶቹን በካርቶን ይዘህ የመጣህ ዕለት እንዴት ደስ ብሎን ነበር! «የስጋ ዶሮ ናቸው፤ ቶሎ ይደርሳሉ። ልጆቹ የፍሪጅ ዶሮ ብቻ እየበሉ አደጉ» አልከኝ። ሹመይሲ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣራ ላይ ከአሮጌ ሳንቃ ቤት ሠራህላቸው። ሙቀቱ ሲበረታ እኔ ጆንያ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ቤታቸው ላይ አለብስላቸዋለሁ። ኢስራእ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኖ ትሰጣለች። ፋሪስ ስም ሊያወጣላቸው ሲል «ልናርዳቸው ስም ታወጣለህ?» ብለህ ሳቅህበት።

ሲደርሱ፣ «ጁሙዓ ከጂዳ እንግዶች ይመጡብኛል። ሰሚር ቤት ነው የምንሰበሰበው። ሁሉንም እንረዳቸው» አልክ።

ማልደን ጣራ ላይ ወጣን። አንተ ወደ ቂብላ አዙረህ፣ ቢስሚላህ እያልክ አረድክ። እኔ ከፈላ ውሃ ነከርኩ፤ ኢስራእ ላባ ነጨች። ፋሪስ አፍንጫው ላይ ላባ ተለጥፎበት አራታችንም ሳቅን። በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ገሚሱን በወጥ፣ ገሚሱን በሩዝ ሠራሁ። ድስቶቹን መኪና ላይ ስትጭን «አኮራሽኝ» አልከኝ።

ከሰዓት የአስር ሶላት ሰግጄ እንደጨረስኩ የጓደኛህ የሰሚር ሚስት ጦይባ ደወለች።

«እህቴ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው አላህ የሰጠሽ? ሌላዋ ብትሆን ውሃ እንኳ አትልክም።»

«ለምኑ?»

«ለኒካሁ ነዋ! ሙሄ እኮ ‹ረሂማ ፈቅዳ፣ በእጇ አብስላ ነው የላከችው› ብሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው።» «የምን ኒካህ?» አልኳት። «አላወቅሽም እንዴ?»

ምሽት፣ መግሪብ ላይ ባዶ ድስቶች ይዘህ መጣህ።

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አልክ።

«እና ሳላውቅ የሠርግህን ወጥ አሠራኸኝ?»

ኢስራእ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ባባ፣ እኔም እኮ ላባ ነጭቻለሁ» አለችህ። ቀና ብለህ እንኳ አላየሃትም። ልብስህን ሰብስበህ ወደ አዲሷ ሚስትህ ሄድክ።

ሁለተኛ ማግባት ሸሪዓው ይፈቅድልሃል፤ በሱ አልከራከርህም። አንተ ግን ሳትጠይቀኝ የእጄን ሥራ ምስክር አድርገህ አቀረብክብኝ። ልጆችህንም አሳቅህና አሠራሃቸው። ከጉሮሮዬ አልወርድ ያለኝ ይሄ ነው።

ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በስምህ ስለሆነ «የት ትሄዳለች» ብለህ ተማምነሃል። አልቆይም። የመውጫ ቪዛችንን አስጨርስልን፤ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ወሎ እገባለሁ።

ትናንት በጦይባ በኩል «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብለህ ልከሃል። በመጀመሪያ ሰሚር ቤት ሂድና፣ ያን ቀን የበሉት ሁሉ በተሰበሰቡበት «ረሂማ አላወቀችም፤ ዋሽቻችኋለሁ» በል። ያን ሳትል አፉ አልልህም።

የኢስራእና የፋሪስ እናት፣
ረሂማ