ነጩ ምልክት በጀማልም አንገት ታየ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባ።

ከተለዩን ወዲህ ሁለተኛው አረፋ አልፏል። ይህን ደብዳቤ ሌሎች ሰዎችም ሊያነቡት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ አባታቸውን ወይም ወንድማቸውን የሚያስታምሙ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የምጽፈው ግን ለእርስዎ ነው። የምነግርዎትን ነገር ከቤታችን ሰው በገዛ ሰውነቱ የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነበሩ። አሁን ሁለተኛ ሰው አለ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርዎት። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው የስፌት ሱቅዎ አልተዘጋም። ወንድሜ ጀማል የስፌት መኪናዎን ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ አዛውሮታል። እማ ዘመዶቿ ዘንድ አሰንዳቦ ተመልሳለች፤ ቤቱ ያለ እርስዎ ሰፋብኝ ትላለች። እኔ አሁንም ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የመለኪያ መሣሪያው የሚያሳያቸውንና እነሱ እንዲያሳያቸው የሚመኙትን እንዲለዩ ዘወትር አሳስባቸዋለሁ። ዘንድሮ ይህን ለራሴም ደጋግሜ መንገር ነበረብኝ።

የእርስዎ ሕመም በጣቶችዎ ጀመረ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ሲልዎት ዓይንዎን ጠረጠሩና መነጽር ገዙ። መነጽሩ መርፌውን አጎላው፤ ክሩ ግን እንደ በፊቱ ይስት ነበር። ቀጥሎ የቁልፍ ቀዳዳ መስፋቱን ለጀማል ተዉለት። ኋላ ደግሞ ነጠላ ጫማዎ ከእግርዎ ሲወልቅ ሳይታወቅዎት በባዶ እግርዎ ይገቡ ጀመር። እማ፣ «ደግሞ ዛሬስ ጫማህን ለማን ሰደቃ ሰጠህ?» እያለች ታስቅዎት ነበር። ሁላችንም እርጅና ነው አልን።

ሐኪሙ ፊት የቀረብንበትን ቀን አልረሳውም። አገጭዎን ወደ ደረትዎ እንዲያስጠጉ ሲጠይቅዎት መላ ሰውነትዎ ድንገት ተንቀጠቀጠ። ምን ተሰማዎት ሲልዎት ፈገግ ብለው፣ «ይኼማ በሽታ አይደለም ዶክተር፤ ይኼ የሶላቴ ነው» አሉት። ለሩኩዕ ባጎነበሱ ቁጥር እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ከአንገትዎ እስከ ወገብዎ ይወርድ እንደነበር፣ ልብ ወደ አላህ ሲቀርብ የሚሰጥ እዝነት ነው ብለው እንደተቀበሉት፣ ለሰው ብናገረው ይዩልኝ ይሆንብኛል ብለው ለእማ እንኳ እንደሸሸጓት ያን ዕለት ሰማን። ሐኪሙ አልሳቀም። የአንገትዎን የኤምአርአይ ምስል እንድናስነሳ አዘዘ።

ምስሉን አብሬው አየሁት። ያረጀው አጥንትና ዲስክ አንገትዎ ውስጥ ህብለ ሰረሰሩን ከፊትም ከኋላም ተጭነውት ነበር። በተጫነበት ቦታ በአንደኛው ዓይነት ምስል ነጭ ምልክት፣ በሌላኛው ዓይነት ደግሞ እዚያው ላይ ጥቁር ጥላ ይታያል። ነጩ ብቻውንና ደብዘዝ ብሎ ቢሆን ኖሮ እብጠት፣ ሊመለስ የሚችል ጉዳት ሊሆን ይችል ነበር አለን። ነጩ ደምቆ ጥቁሩ ሲጨመርበት ግን የነርቩ አካል ራሱ እየጠፋ ለመሆኑ ምልክት ነው። ቀዶ ሕክምናው ጫናውን ያነሳል፤ የጠፋውን ይመልሳል ብሎ ግን ቃል አልገባም። «የቀረውን ለማቆየት ነው» አለን።

እንዳለውም ሆነ። የአንገትዎ ሕመም ቀለለ፤ እጅዎ ግን ወደ መርፌው አልተመለሰም፤ እግርዎም አልጸና አለ። በተከታዩ ክረምት አልጋ ላይ እንዳሉ ሳንባዎ ታመመና ሄዱ። ቀዶ ሕክምናው ገደለዎት ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አዳነዎት ማለትም አልችልም። እማን ጥፋቱ የቀዶ ሕክምናው አይደለም ብዬ ማሳመን ያቃተኝ ለዚህ ነው። እሷ የምታውቀው ሆስፒታል በእግርዎ ገብተው በሰው ትከሻ መውጣትዎን ነው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሲያልቅ ጀማል ሱቁ ውስጥ እየሳቀ ተቀበለኝ። «እህቴ፣ ሱቁን ብቻ የወረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የአባ ሶላትም ደርሶኛል» አለኝ። አልሳቅኩም። በማግስቱ እዚያው ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ፤ የአንገቱ ምስል ተነሣ። በእርስዎ ምስል ባየሁት ቦታ አጠገብ ነጩ ምልክት ነበር። ጥቁሩ አልነበረም። ሐኪሙ የሁለታችሁም ህብለ ሰረሰር የሚያልፍበት የአከርካሪ ቦይ ከተፈጥሮው ጠባብ መሆኑን ነገረኝ። የእኔን እንዲያዩልኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የተጻፈው ሁሉ በአንድ ቃል አይስማማም፤ ነጩ ብቻውን ብዙ አይወስንም የሚሉ አሉ። ጥቁሩ ከመምጣቱና እግር ከመድከሙ በፊት የተደረገ ቀዶ ሕክምና የተሻለ ተስፋ እንዳለው ግን ደጋግሜ አገኘሁት። ይህንኑ ለጀማል ነገርኩት። «ከአረፋ በኋላ» አለኝ። የሰው የበዓል ልብስ ቆርጦ አስቀምጦ ነበር፤ ሕፃናት በኢዱ ጠዋት ያለ አዲስ ልብስ እንዴት ይወጣሉ ብሎ ሞገተኝ። እማም ከአሰንዳቦ ስልክ ደውላ፣ «አንዱን ቢላዋ ወስዶብኛል፤ ሁለተኛውን በእጄ አልሰጥም» አለችኝ። በሁለት በኩል ተይዤ ጠበቅሁ።

በእነዚያ ወራት ጀማል ሸሚዙን በመቆለፍ ፈንታ በራሱ ላይ አጥልቆ ይለብስ ጀመር። መቀሱ ከእጁ ሲወድቅ ደንበኞቹን፣ «ተዉት፣ እሱም ደክሞት ነው» ይላቸዋል። ጨርቁ ግን መስመሩን እየሳተ ይቆረጥ ነበር። የመጨረሻውን ጀለቢያ አስረክቦ፣ ኢዱን አክብሮ፣ እንደ ቃሉ ሊታይ መጣ። አዲሱ ምስል ላይ ጥቁሩ ጥላ ጀምሯል። ገና ትንሽ ነው፤ ግን አለ። «እንደ አባ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ «ጀምሯል» አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ «ማል ጎና» አለ፤ ምን ይደረጋል። ከዚያ እማን ራሱ አናገራት። ምን እንዳላት አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ አልከለከለችንም።

ትናንት ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ጀማል አሰንዳቦ ላይ መኪናውን አስቆመ። ወደ መቃብርዎ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ነው። ጥቂት ተራምዶ ተመለሰና የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። «አንቺ ሂጂ፤ መሬቱን መርገጤን አላውቀውም» አለኝ። ከመቃብሩ አጥር አጠገብ ቆሜ ዱዓ አደረግሁልዎት። ዞር ስል ጀማል መኪናው ውስጥ ሆኖ እጆቹን ዘርግቷል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አልተዘረጉም።

ነገ ጠዋት ይገባል፣ አባ። እማ የጠፋው ሁሉ እንዲመለስለት ትለምናለች። እኔ የቀረው እንዲቆይለት ለመንኩ፤ ከዚያ ለማለፍ ድፍረት አጣሁ። ለእርስዎም የምገባው ቃል ከዚህ አይበልጥም። ከእርስዎ ትዝታ ብዙው እየራቀኝ ነው፤ ድምፅዎን እንኳ አንዳንድ ቀን እፈልገዋለሁ። ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ቀሚስ ሊለኩኝ «ቀጥ በይ» ብለው ትከሻዬ ላይ ያሳረፉት እጅ አለ፤ ሁሉም ጣቶቹ የሚታዘዙ፣ ሞቃት እጅ። እሱን በሕይወት እስካለሁ አቆየዋለሁ።

ልጅዎ