አሥራ ሦስተኛው የጎድን አጥንት

በላይነሽ የኔ፣

ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ቁጥር ላይ ጨካኝ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ «ወደ አራት ዓመት ገደማ» ብዬ አልጽፍልሽም።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። የጓዳው ቆርቆሮ ተቀይሯል። በረንዳው ሥር የተከልሽው ጽጌረዳ ደርቆ ነበር፤ መቅደስ እስከ ግንዱ ቆረጠችውና እንደገና አቆጠቆጠ። የቁም ሳጥንሽን የላይኛውን መደርደሪያ መጽሐፍ ሞልቶታል። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ራቅ ብሎ፣ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጡንቻው ሁሉ ቀይ፣ ነርቩ ሁሉ ቢጫ። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ሲገባ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ወገቡን ያመመው ሁሉ ይመጣና የሚያመውን ቦታ እዚያ ሥዕል ላይ በጣቱ ያሳየናል።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ልጃችን መቅደስ ናት። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

አልጋ ላይ ሳለሽ ያስማልሽኝን አልረሳሁም። የፈለገችውን ትማር፣ አንተ አትምረጥላት አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስምልልሽ ምህንድስና የምትመርጥ መስሎኝ ነበር። የሂሳብ መምህር ልጅ ሌላ ምን ትመርጣለች? አርባሽ ሳይወጣ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ አለችኝ። ተናደድኩ። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ አፌን ግን አልያዝኩትም። መርፌ ለመውጋት ሦስት ዓመት ምን ያደርጋል፣ ቴርሞሜትር ማንበብ እኔም እችላለሁ አልኳት። አልመለሰችልኝም። ዝምታዋ ያንቺ ነው፤ ሰው ክርክሩን ያሸነፈ መስሎት ብቻውን ይቀራል።

ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ለገና ስትመጣ የአናቶሚ መጽሐፏን ይዛ መጣች። ክብደቱ ግልገል ያህላል። እስቲ ልየው ብዬ ገለጥኩት። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ድረስ አንድ እጅ ብቻ ሃያ ሰባት አጥንት አለው። እያንዳንዱ አጥንት ስም አለው፣ እያንዳንዱ ላይ ጉብታና ጎድጓዳ አለ፣ ለጉብታውም ለጎድጓዳውም ስም ወጥቶለታል። ከዚያ አጥንቱ ላይ የሚጣበቀው ጡንቻ፣ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ፣ ከነርቩ ጋር የሚወርደው ደም ሥር። ሁሉም በላቲን። ከጎኑ ደግሞ ፊዚዮሎጂ አለ፣ ማይክሮባዮሎጂ አለ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የመድኃኒት ትምህርት ይመጣል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው አንዱን ገጽ አንብቤ ስጨርስ የመጀመሪያው መስመር ጠፍቶብኝ ነበር። ለእሷ ግን ይህን አልነገርኳትም። በቃልሽ ካልያዝሽው ሰንፈሻል ማለት ነው አልኳት።

በማግስቱ በጉ ታረደ። ከተማው ለበዓሉ በመጡ ምእመናን ተጨናንቆ፣ ወንድምሽም ከኩልመስክ መጥቶ ነበር። እሱ በጉን ሲገፍ እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝና መቅደስን ጠርቼ እጅጌሽን ሰብስቢ አልኳት። ልቡን ከፍተን ክፍሎቹን ቆጠርን፤ አራት፣ ልክ። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱ ልክ። የጎድን አጥንቱን ሁለት ጊዜ አስቆጠርኳት፤ በአንድ ወገን አሥራ ሦስት ነው። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ይላል አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? የኅትመት ስህተት ነው አልኳት። ወንድምሽ ቢላዋውን እየጠረገ «መምህሩ ካለ አለቀ፤ በጉም አይከራከረውም» አለ።

ፈተናው ላይ አሥራ ሦስት ጥንድ ብላ ጻፈች። ወደቀች። ለማለፍ የጎደላት ሁለት ነጥብ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ጥያቄ የሚይዘውም ሁለት ነጥብ ነው። ድጋሚ ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፤ እሱን ከወደቀች ትሰናበታለች።

እኔ ደግሞ አቤቱታዬን በሁለት ገጽ ጽፌ በአውቶቡስ ኮሌጇ ድረስ ወረድኩ። መምህሯ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ቀጭን ወጣት ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ በብረት ዘንግ ላይ የቆመ አጽም እየገፋ አመጣና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይቁጠሩልኝ» አለኝ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ዞሬ በሌላው ወገን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። እቤት የቆጠራችሁት ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ በግ አልኩት። አልሳቀም። ተማሪዎቹ በግ እየገፈፉ ያደጉ ናቸው፣ በየዓመቱ አንድ ሁለቱ አሥራ ሦስት ይላሉ አለኝ። በአባቷ ትእዛዝ የጻፈች ግን የመጀመሪያዋ እንደሆነች ፊቱ ላይ አነበብኩ።

አቤቱታዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መቅደስ ውጭ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ይህን ቃል ከኔ ሰምታ አታውቅም፤ አንቺም አልሰማሽም። «እንግዲያው አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ዝም ይላሉ፤ ክንድዎን ግን ይሰጡኛል» አለችኝ።

ለድጋሚ ፈተናው ሦስት ሳምንት ነበራት፤ ቤት መጥታ አጠናች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አግዳሚው ላይ ታስተኛኛለች፤ በእስክሪብቶ ክንዴን፣ አንገቴን፣ ደረቴን ትጽፍብኛለች። ይተንፍሱ፣ ያቁሙ፣ ጡጫዎን ይጨብጡ ትለኛለች። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ እየዳሰሰች ስሙን ትጠራለች፤ መጽሐፉን ይዤ የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ስትሳሳት ለመቆጣት አፌን ስከፍት ጣቷን ታነሳለች፤ እዘጋዋለሁ። በላይነሽ፣ አንድም ቀን አላለቀሰችም፣ አንድም ቀን አላቋረጠችም። እኔ በቃል አስሸመድዳታለሁ ስል ያልገባላት ትምህርት በጣቷ በኩል ገባ።

ቀለሙ በሳሙና አይለቅም። ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጅጌዬ ተሰብስቦ ተማሪዎቼ አንጓዬን አዩት፤ ለሳምንት መሳቂያ ሆንኩ። በየካቲት በማርያም ቀን ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። መስቀል ልሳለም እጄን ስዘረጋ አባ ያን የላቲን ጽሑፍ አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «መምህር፣ ይሄ ደግሞ የምን ክታብ ነው?» አሉኝ። ክታብ ሳይሆን የአጥንት ስም ነው አባቴ፣ ልጄ ፈተና አለባት አልኳቸው። አንጓዬን ወደ ብርሃኑ አዙረው እንደ ብራና መረመሩት፤ ከዚያ መስቀላቸውን አሳረፉበትና ለአጥንቱም ለልጅቷም ብለው ባረኩ።

ድጋሚ ፈተናው በእውነተኛ አጥንት ላይ ነው። ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት አጥንት አለ፤ ደወል ሲደወል ስሙን ጽፎም ባይጽፍም ተማሪው ወደሚቀጥለው ያልፋል። በር ላይ ሆኜ ደወሉን ስቆጥር ዋልኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ ራሴ አነበብኩት። ድጋሚ ከተፈተኑት ሁሉ ሁለተኛ። «አንደኛውስ ማነው?» የምትለዋ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣች፤ ዋጥኳት። በምትኩ ዘወር ብዬ ለጥበቃው፣ ልጄ ናት፣ አልፋለች አልኩት። ሰውየው ስለምን እንደማወራ ባያውቅም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

የቀረውን ብዘረዝረው ያደክምሻል። የመድኃኒት ልክ ስሌት ሲመጣ አሁን ገና በኔ ሜዳ ገባሽ አልኳት። እዚያም አስተማረችኝ። እኔ ግማሹን ለሠራ ተማሪ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፤ እዚያ ግማሽ ነጥብ የለም፣ አንዲት የአሥርዮሽ ነጥብ ቦታዋን ከለቀቀች ሰው ይሞታል። ከዚያ ወዲህ ነርስን የሚያቃልል ሰው ፊቴ አይቆምም። ባለፈው ሐምሌ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ተመረቀች። የተመደበችውም እናትሽ ቤት አጠገብ፣ ኩልመስክ ጤና ጣቢያ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳልነግራት ሄድኩ። ከታማሚዎቹ ጋር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ውስጡ ይታየኛል። አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ወድቀው እያቃሰቱ ገቡ፤ ትከሻዬ ወልቋል፣ ወጌሻ ጥሩልኝ ይላሉ። መቅደስ ጣቷን ከደረታቸው አጥንት አስነስታ ቀስ እያለች ወደ ትከሻቸው ሄደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። አልወለቀም አባባ፣ እዚህ ጋ ተሰብሯል፣ ማንም እንዳይጎትተው አለቻቸው። ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረች፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸውን ወረቀት ጻፈች። ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀና ብለው አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

በአገራችን ይህ ጥያቄ የሚጠይቀው የአባትን ስም ነው። ስሜን ልሰማ አንገቴን አቃናሁ።

«የበላይነሽ ልጅ ነኝ» አለች።

እሷንማ ከትንሽነቷ አውቃታለሁ አሉ ሽማግሌው፤ ማቃሰታቸውን ተዉት። የሰው ስህተት ሲሰማ ዝም የማይለው ባልሽ ተቀምጦ ቀረ። የሚታረም ነገር አልነበረውም። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ዓይኔን አይታ ይሁን አላውቅም፣ እርስዎስ የማን ነዎት አለችኝ።

«የበላይነሽ ባል ነኝ» አልኳት።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ውስጥ ድረስ ተሰምቶ መቅደስ ዞረች። በሕይወት እስካለሁ፣ ማን ነህ ላለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ባልሽ