በስግድ ጾም የሸተተው ማንጎ

እሑድ፣ ኖቬምበር 4፣ 2018። ጥዋት፣ ሱቅ።

ሱቁን ከፈትኩ፣ መነጽሮቹን ወለወልኩ፣ በኋላ በር ወጥቼ ቬይፔን ሳብኩ። ሲጋራ አልነካሁም። ሰውም አልገደልኩም። ማስታወሻዬ፣ ይህንን እንደ ትልቅ ነገር ቁጠርልኝ።

ዕቃውን ያስለመደችኝ አብራኝ የምትሠራው ስቬታ ናት፤ እሷም ሲጋራን የተወችው በዚሁ ነው። በባትሪ ይሠራል፣ ፈሳሹን ያሞቃል፣ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ኒኮቲኑን እየቀነስሽ እየቀነስሽ ዜሮ ትገቢያለሽ አለችኝ። ትንባሆ ትንባሆ የሚለው ጣዕምም ነበረ፣ እምቢ አልኩ። ባሏን የፈታች ሴት ወንድሙን ታገባለች እንዴ? ማንጎ መረጥኩ።

ለምን እንደምተው ታውቃለህ፣ ግን ልድገመው። ልጅ እፈልጋለሁ። ባሌ ዳኒም ይፈልጋል። ዶ/ሯ መጀመሪያ ሲጋራውን፣ ከማርገዝሽ በፊት ደግሞ ይህንንም ዕቃ ተሰናበቺው ብላለች። እሺ ብያለሁ። ማለቱ ቀላል ነው!

ማታ፣ ቤት።

አማቴ እማማ ያልጋነሽ (ከዚህ በኋላ እ/ያ፣ እጄ ደከመ) ከላይኛው ፎቅ ወረዱ። ረቡዕ የስግድ በዓል ነው፣ የኢየሩሳሌሙ አውቶቡስ ከሮቫ ቫቭ ሰፈር የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ነጠላሽን እጠቢ፣ ጾሙን አደራ። እሺ እማማ። ማጨሴን አያውቁም። እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ በትልቅ ሰው ፊት ወንድ እንኳ አያጨስም፤ የልጃቸው ሚስት ሲጋራ ይዛ ከሚያዩ አሽዶድ ባሕር ውስጥ ስትገባ ቢያዩ ይመርጣሉ። ሲወጡ አፌን ይዤ ነው ደህና እደሩ ያልኳቸው። ልማድ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6።

መጥፎ ቀን። አፍንጫዬን የሚያሳንስ መነጽር አምጪ ያለችኝን ሴትዮ፣ እሱን ሆስፒታል ነው የሚሸጡት አልኳት። ስቬታ በደንበኛና በእኔ መሃል ገባች። ከዚያ ቸኮሌት ሰጠችኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህ ሁሉ!

ጥያቄ፦ ቬይፕ ጾም ያስገድፋል? ዳኒ አይበላም አይጠጣም፣ አየር ነው ይላል፤ ካልሆነ ቄሱን ጠይቂ። የትኛው ደፋር ነው ቄስ ፊት ቆሞ ይህንን የሚጠይቅ? ራሴው ፈረድኩ። አየር ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7። ስግድ። ማታ።

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ኢየሩሳሌም፣ ብርድ፣ ያሸበረቁ ጥላዎች፣ የቄሶቹ ድምፅ። ደስ ይላል፣ ሁልጊዜም ደስ ይለኛል። ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ቀትር ላይ ግን ራሴ ሊፈነዳ። ከቆሙት አውቶቡሶች ጀርባ ሄድኩ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ፣ ውስጡ ሆኜ ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። እንፋሎቱ ሁሉ ነጠላው ውስጥ ቀረ፣ እኔ የት አውቄ።

ተመልሼ እ/ያ አጠገብ ቆምኩ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። የነጠላዬን ጫፍ ያዙና አሸተቱት። አለቀልኝ አልኩ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን ፊታቸው እንደ ጧፍ በርቷል። ከሰው ገለል አድርገውኝ በጆሮዬ፦

— ስንት ወርሽ ነው ልጄ?

እንዲህ ነው የደረሱበት፦ ይህች ልጅ ጾም ሽራ አታውቅም፤ ዛሬ በስግድ ቀን ማንጎ በልታለች፤ ጾም መግደፍ የሚፈቀድላት ደግሞ እርጉዝ ናት። ብትነግሪኝ ዳቦ እይዝልሽ ነበር አሉ። እያለቀሱ። እጄን ይዘው ይስማሉ። ጸሎቱ ቀጥሏል።

አዎ አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እፍረት መሰላቸው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8።

ጥዋት በሩን ስከፍት ከረጢት ሙሉ ማንጎ። በዚህ ወቅት ከየት እንዳመጡት እንጃ። እኔ ደግሞ የእውነቱን ማንጎ ከነአካቴው አልወድም!

ቀትር ላይ የእ/ያ እህት ከሮቫ ዩድ-አሌፍ ሰፈር ደወሉ። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ኩፓት ሆሊም ሄደሽ ለሐኪም ቶሎ ተመዝገቢ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። አመሰገንኩ። ምን ልበል?

ለዳኒ ነገርኩት። ከሶፋው እስኪወድቅ ሳቀ። ወለሉ ላይ እንዳለ ሳቁ ቆመ። እናቴ አለቀሱ እንዴ አለ። አዎ አልኩት። ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ ልንገራቸው? እኔ አልኩ።

የሚያመኝ ሲጋራው መታወቁ አይደለም። በሌለ ልጅ ማልቀሳቸው ነው። እውነቱን ልጻፍ? ለአንድ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ እግራቸውን አጥፈው ቦታ ሲለቁልኝ፣ ያለ ይመስል ሆዴን ያዝኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 9። ጥዋት።

ኪዮስኩ ጋ ቆምኩ። የድሮ ሲጋራዬ ከሻጩ ጀርባ ተደርድሮ ያየኛል። የዱባ ፍሬ ገዝቼ ሮጥኩ።

እ/ያ ደረጃው ላይ አገኙኝ። ነገ በሰንበት ጸሎት ቤት ዳቦ ይዘው ገብተው ሊያስመርቁኝ ነው፣ በጉባኤው ሁሉ ፊት። እስከ ማታ መናገር አለብኝ። እግዚአብሔር ለሌለ ልጅ ሲለመን ዝም ካልኩ እንዴት አድርጌ ነው በኋላ የእውነቱን ልጅ የምለምነው?

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ።

ነገርኳቸው።

ላይኛው ፎቅ ወጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቬይፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፦ ማንጎ አልበላሁም፣ ጾሜን አልበላሁም፣ የሸተተው ይህ ነው። ከውትድርና ጀምሮ አጨሳለሁ። አሁን ለመተው ነው ይህንን የምስበው። የምተወውም ልጅ ፈልጌ ነው። እርጉዝ አይደለሁም እማማ። ይቅር በሉኝ።

ዕቃውን አነሱት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት። ቀይ መብራቱን በጣታቸው ነኩት።

— ይሄ ነው የልጅ ልጄ?

ልሳቅ፣ ላልቅስ፣ ግራ ገባኝ። እሳቸው ቀደሙኝ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ያብሳሉ፣ ደግመው ያዩታል፣ እንደገና ይስቃሉ። አባቱን ይመስላል ይላሉ። እኔም ሳቄን ለቀቅኩት።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ተቆጡ። በማጨሴ አይደለም፣ እሱ ሌላ ቀን ይደርሰኛል ብለዋል። በባዶ ሆድ፣ ራስሽ እየፈነዳ፣ ብቻሽን ከአውቶቡስ ጀርባ? እኔ አጠገብሽ ቆሜ? አሉ።

ከዚያ ስልካቸውን አነሱና እህታቸው ጋ ደወሉ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አፍንጫዬ አርጅቷል፣ ተሳስቼ ነው፣ ለሰው ያወራሽውን መልሺ አሉና ዘጉ። በዕድሜያቸው ተሳሳትኩ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዳቦውስ አልኳቸው። ዳቦውማ ተጋግሯል አሉ። ይዘውት ይገባሉ። ለምን ተብለው ቢጠየቁ፣ ልጄ አንድ ከባድ ነገር እየተወች ነው፣ እግዚአብሔር ያበርታት ይላሉ። ምን እንደሆነ ማንንም አያገባውም።

ስወጣ ቬይፑን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። አልከለከሉኝም። ሰንበት ሲወጣ ከፈለግሽው ነይ፣ ያለ ጥያቄ እሰጥሻለሁ አሉ። በሩ ላይ ሆዴን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት፣ ባዶውን። ይመጣል አሉ።

እጄን መለስኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወረድኩ።

ሰንበት ሊገባ ነው፣ በሰንበት አይጻፍም፣ እስክሪብቶ የማስቀምጥበት ሰዓት ደረሰ። ነገ ማታ ሰንበት ሲወጣ ቬይፑን ላመጣው አልሄድም።